ስታርችና ግሉተን፦ ስለ ሞለኪዩሉ እና ስለ እሽጉ

(በምግብ ሳይንስ ትምህርት ክፍል ሕዝባዊ ሌክቸር ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)

በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

የዛሬው ርእሴ ላይ ላዩን ሲታይ ጠባብ ነው። ግሉተን እንዳይበሉ በሐኪም የታዘዙ ሰዎች ስታርች የገባበትን ምግብ ቢበሉ ይጎዳቸዋልን? የአንደኛ ዓመት ባዮኬሚስትሪ የተማረ ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊመልሰው የሚችል ይመስላል። እኔም በአንድ ወቅት በአንድ ዓረፍተ ነገር መልሼው ነበር። ከዚያ መልስ ብጀምር ይሻላል።

ነገሩ ከሆነ ከአሥር ዓመት በላይ አልፎታል። አንዲት እናት በሰው በሰው ጠይቀው ቢሮዬ ድረስ መጡ። የሰባት ዓመት ልጃቸው ሴሊያክ የተባለ በሽታ እንዳለበት ተነግሯቸው ስንዴና ገብስ ከጓዳቸው አውጥተዋል። ከቦርሳቸው አንድ የኩስታርድ ዱቄት እሽግ አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና፣ «ዶክተር፣ ልጁ ከሚወደው ነገር የቀረለት ይህ ብቻ ነው። ስታርች አለበት ይላል። ይጎዳብኝ ይሆን?» አሉኝ። እሽጉን አገላብጬ አየሁት። ከግብዓቶቹ ዝርዝር መጀመሪያ ላይ «ስታርች» ይላል፤ ከዚያ ያለፈ ማብራሪያ የለውም። እኔም በመምህር ድምፅ፣ «ስታርች ካርቦሃይድሬት ነው፤ ግሉተን ደግሞ ፕሮቲን ነው፤ አንዱ ሌላውን አይደለም፤ አይስጉ» ብዬ ሸኘኋቸው።

ከአራት ወር በኋላ ተመልሰው መጡ። የልጁ ሆድ አሁንም ይነፋል፤ የደም ምርመራው ውጤትም እንደታሰበው አልወረደም። ሐኪሙ ልጁ የሚበላውን አንድ በአንድ ሲያስቆጥሯቸው ኩስታርዱ ላይ ደረሱና፣ «ይህ ስታርች ከምን የተሠራ ነው?» ብለው ጠየቋቸው። እናትየው መልስ አልነበራቸውም። መልሱን ፍለጋ ወደ እኔ መጡ፤ እኔም አልነበረኝም።

ልጁን ያወከው ኩስታርዱ ነው ብዬ ለመናገር ማስረጃ አልነበረም። የሚበላው እንጀራ ጤፉ የሚፈጨው ስንዴ በሚፈጭበት ወፍጮ እንደነበር በዚያው ቀን ተረድቻለሁ። እናትየውም ኩስታርዱንም ወፍጮውንም ባንድ ጊዜ ስለቀየሩ፣ ልጁ እየተሻለው ሲሄድ ጥፋቱ የየትኛው እንደነበር መለየት አልተቻለም። እኔን እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው። እርሳቸው የጠየቁኝ ስለ እሽጉ ነበር፤ እኔ የመለስኩላቸው ስለ ሞለኪዩሉ ነበር። ስለ ሞለኪዩሉ የተናገርሁት ሁሉ ትክክል ነው። ለጥያቄያቸው ግን መልስ አልነበረም። ይህ ልዩነት ከየት እንደሚመጣና በምን እንደሚፈታ ላሳያችሁ እሞክራለሁ።

ሁለቱ ንጥረ ነገሮች

ስታርች ተክሎች ጉልበታቸውን የሚያከማቹበት መልክ ነው። ከግሉኮስ ሰንሰለቶች የተሠራ ሲሆን፣ ቀጥ ያለው ሰንሰለት አሚሎስ፣ ቅርንጫፉ የበዛው አሚሎፔክቲን ይባላል። የስንዴ ስታርችም ሆነ የድንች ወይም የእንሰት ስታርች በመሠረቱ ያው ግሉኮስ ነው። ስታርች የሆነው ክፍል ብቻውን በሴሊያክ በሽታ የተያዘን ሰው አያሳምምም።

ግሉተን ግን የፕሮቲን ስም ነው። በስንዴ ውስጥ ግላያዲንና ግሉተኒን የተባሉት ፕሮቲኖች ውሃ ሲነካቸውና ሲታሹ የሚፈጥሩት ተለጣጭ መረብ ነው። በገብስና ራይ በተባለው የአውሮፓ እህል ውስጥም የቅርብ ዘመዶቻቸው አሉ። እነዚህ ፕሮቲኖች ፕሮሊንና ግሉታሚን በተባሉ አሚኖ አሲዶች የበለጸጉ በመሆናቸው የሆዳችን ኤንዛይሞች ሙሉ በሙሉ ሊሰባብሯቸው አይችሉም። ዲኪው 2 ወይም ዲኪው 8 የተባለውን ዘረመል በያዙ አንዳንድ ሰዎች ውስጥ የቀረው ስባሪ የሰውነትን የመከላከል ሥርዓት በራሱ አንጀት ላይ ያስነሣል። ምግብን የሚመጡት ጣት መሰል የትንሹ አንጀት ቅጥያዎች ይረግፋሉ። ከዚያም የደም ማነስ፣ የዕድገት መቀጨጭ፣ የአጥንት መሳሳት ይከተላሉ። በዓለም ላይ ከመቶ ሰው አንድ ያህሉ ይህ በሽታ እንዳለበት ይገመታል። እስካሁን ያለው ሕክምናም አንድ ነው፤ ዕድሜ ልክ ከግሉተን መራቅ።

እዚህ ላይ ለተማሪዎቼ ዘወትር የማሠራውን ሙከራ ልጥቀስ። ከስንዴ ዱቄት ትንሽ ሊጥ አቡኩና ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ በቀዝቃዛ ውሃ እያሻችሁ እጠቡት። ውሃው እንደ ወተት ይነጣል፤ ያ ስታርቹ ነው። እጃችሁ ላይ ማስቲካ የመሰለ ነገር ይቀራል፤ ያ ግሉተኑ ነው። ጣሊያናዊው ቤካሪ ይህንኑ አጠባ የዘገበበት ጽሑፍ በ1745 ታትሟል። የዛሬው የስንዴ ስታርች ፋብሪካም በመሠረቱ ይህንኑ ሥራ በትላልቅ ማሽኖች ይሠራል። ሙከራውን የሠራ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አያልፍም። ነጩን ውሃ አስቀምጦ ቢያጠልለው ከነጩ ዝቃጭ መካከል ጥቃቅን የግሉተን ፍርፋሪ ያገኛል። በስንዴ ውስጥ ስታርችና ግሉተን የአንድ ቤት ሰዎች ናቸው፤ ሲለያዩም አንዱ የሌላውን ትራፊ ይዞ ይወጣል።

በቆሎ፣ ድንች፣ ካሳቫ፣ ሩዝና እንሰት ውስጥ ግን በሽታውን የሚቀሰቅሰው ግሉተን ከመነሻውም የለም። በስታርች ኢንዱስትሪ ውስጥ «ኮርን ግሉተን» የሚል ስም ስትሰሙ አትደናገጡ፤ የበቆሎን ፕሮቲን በልማድ እንዲህ ይጠሩታል እንጂ ከስንዴው ግሉተን ጋር አንድ አይደለም። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስታርች ነው ወይ?» ሳይሆን «ከምን የወጣ ስታርች ነው?» መሆን አለበት።

ስታርች ነጻ የወጣበት ታሪክ

ስታርች በዚህ በሽታ ታሪክ ውስጥ ድንገት የገባ እንግዳ አይደለም፤ ለረጅም ጊዜ ተጠርጣሪ ሆኖ ቆይቷል። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሐኪሞች በሽታው ከካርቦሃይድሬት አለመፈጨት የሚመጣ ይመስላቸው ስለነበር ሕፃናቱን ዳቦም ድንችም ይከለክሏቸው ነበር።

ነገሩን የፈታው ሆላንዳዊው የሕፃናት ሐኪም ቪለም ዲከ ነው። ዲከ ከጦርነቱ በፊት ጀምሮ ስንዴን ይጠረጥር ነበር። በ1944 እና በ1945 መካከል በሆላንድ ታላቅ ረኃብ ሆነ፤ ዳቦ ጠፋ። የሕዝቡ ጤና ሲያሽቆለቁል እርሱ የሚያክማቸው የሴሊያክ ሕፃናት አልባሰባቸውም። ዳቦ ሲመለስ በሽታቸው አገረሸ። ዲከ በ1950 ለዶክትሬት ባቀረበው ጥናት ስንዴ ጎጂ መሆኑን አሳየ። በ1952 ደግሞ በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ሻርሎት አንደርሰንና ባልደረቦቿ የስንዴን ዱቄት አጥበው ሁለት ከፈሉት፤ ልክ እኛ በሳህን እንዳደረግነው። የስታርቹ ክፍል ሕሙማኑን አልጎዳቸውም፤ የግሉተኑ ክፍል ጎዳቸው። ስታርች ከክሱ ነጻ የወጣው ያን ጊዜ ነው።

እኔ ለእናትየው የሰጠሁት መልስ የ1952ቱን ፍርድ የሚደግም ነበር። ያ ፍርድ ግን ስለ ንጥረ ነገሩ የተሰጠ ነው። ፋብሪካው ምን ያህል እንዳጠበው የሚነግረን ነገር በውስጡ የለም።

የንጽሕና ልክ

በገበያ የሚሸጥ የስንዴ ስታርች መቶ በመቶ ስታርች አይሆንም። አንድ ስታርች ከመቶ 0.3 ያህል ፕሮቲን ቀረበት እንበል። 99.7 ከመቶ የጠራ ነው ማለት ነው፤ ይህን ውጤት ያመጣ ተማሪ ይሸለማል። ወደ ሚሊግራም ስንመነዝረው ግን በአንድ ኪሎ ውስጥ 3,000 ሚሊግራም ፕሮቲን ቀርቷል። ከዚያ ውስጥ ግሉተን የሆነው አንድ አሥረኛው ብቻ ነው ብንል እንኳ 300 ሚሊግራም ይሆናል።

ይህን ከምን ጋር እናወዳድረው? ኮዴክስ አሊሜንታሪየስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ ኮሚሽን በ2008 ባሻሻለው ደረጃ «ከግሉተን ነጻ» የሚባል ምግብ በኪሎ ከ20 ሚሊግራም የበለጠ ግሉተን ሊኖረው አይገባም። የአውሮፓ ኅብረት ልክም ይኸው ነው፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2013 ያወጣው ደንብም ከ20 በታች እንዲሆን ያዛል። ስለዚህ ከላይ በምሳሌ ያነሣነው 99.7 ከመቶ የጠራ ስታርች ከሚፈቀደው ልክ አሥራ አምስት እጥፍ ይዟል። ለወጥ ማወፈሪያ የጠራ የሆነው ነገር ለዚህ በሽተኛ አልጠራም።

20 ሚሊግራም ከየት መጣ የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። በጣሊያን ተመራማሪዎች የተመራና በ2007 የታተመ ጥናት በሽታቸው በአመጋገብ የተረጋጋላቸው ሕሙማን በየቀኑ 50 ሚሊግራም ግሉተን ለሦስት ወር ሲወስዱ የአንጀታቸው ሽፋን ጉዳት እንደታየበት አሳይቷል። 50 ሚሊግራም ማለት በግማሽ ግራም የስንዴ ዱቄት ውስጥ የሚገኝ ነው፤ በሻይ ማንኪያ ጫፍ የሚነሣ። በኪሎ 20 ሚሊግራም ያለበትን ምግብ አንድ ሰው በቀን ግማሽ ኪሎ ቢበላ የሚያገኘው 10 ሚሊግራም ነው። ልኩ ከጉዳት በታች እንዲሆን የታሰበው በዚህ ስሌት ነው።

አሁን ወደ ስንዴ ስታርች እንመለስ። ደጋግሞ በማጠብና በሴንትሪፉጅ በመለየት ከ20 ሚሊግራም በታች የወረደ የስንዴ ስታርች ማምረት ይቻላል፤ በአውሮፓ፣ በተለይም በሰሜኑ ክፍል፣ ለረጅም ዘመን ለሴሊያክ ሕሙማን ዳቦ ሲጋገርበት ኖሯል። በ2003 የታተመ የፊንላንድ ተመራማሪዎች ጥናት በሽታው አዲስ የታወቀባቸውን ሰዎች ለሁለት ከፍሎ፣ አንዱን ቡድን እንዲህ ባለ ስታርች የተሠራ ምግብ፣ ሌላውን በተፈጥሮው ግሉተን የሌለበት ምግብ ለአንድ ዓመት መገበ። የሁለቱም ቡድን አንጀት በተመሳሳይ ሁኔታ አገገመ። እንግዲህ የስንዴ ስታርች ሁሉ መርዝ ነው የሚለውም ስሕተት ነው። መለያው የእህሉ ስም ብቻ ሳይሆን የተለካው ግሉተን መጠን ነው። አንድ ነገር ብቻ ላስጠንቅቅ። ይህ ሁሉ የሚመለከተው ሴሊያክ ያለባቸውን ነው። የስንዴ አለርጂ ያለበት ሰው ጉዳይ የተለየ በመሆኑ የስንዴ ስታርችን፣ የተጣራውንም ቢሆን፣ መራቅ ይኖርበታል።

ቃሉ በየአገሩ የሚለብሰው ትርጉም

የእኛ ችግር እዚህ ላይ ይጠነክራል። የአዲስ አበባ ሱቅ መደርደሪያ ላይ የአውሮፓ፣ የአሜሪካ፣ የቱርክና የባሕረ ሰላጤው አገሮች እሽጎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። «ስታርች» የሚለው ቃል ግን በእያንዳንዱ ላይ አንድ ትርጉም የለውም።

በአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አሠራር አንድ ግብዓት ያለ ቅጽል «ስታርች» ብቻ ከተባለ የበቆሎ ስታርች ማለት ነው። «የተሻሻለ የምግብ ስታርች» ከተባለ ግን ከበቆሎም፣ ከድንችም፣ ከካሳቫም፣ ከስንዴም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ከ2006 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የአለርጂ ሕግ መሠረት ስንዴ ከገባበት «ስንዴ» የሚለው ቃል እሽጉ ላይ መጻፍ አለበት። ሥጋና ዶሮ ነክ ምርቶች በሌላ መሥሪያ ቤት ሥር ስለሆኑ ይህ ሕግ በቀጥታ አይገዛቸውም። በአውሮፓ ኅብረትም ግሉተን ካለባቸው እህሎች የመጣ ስታርች የእህሉ ስም ተጠቅሶ፣ በጎላ ፊደል ተለይቶ መታየት አለበት።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ያደገ ሰው «ስታርች» የሚለውን ብቻውን አንብቦ ሊረጋጋ ይችላል፤ ዝም ያለው እሽግ ዝም ያለው በሕግ ነውና። እንዲህ ያለው ሕግ ከሌለበት ወይም ከማይከበርበት ቦታ የመጣ እሽግ ዝም ሲል ግን ዝምታው ምንም አይነግረንም። እኔ የእናትየውን እሽግ ሳይ መጠየቅ የነበረብኝ ይህን ነው፤ የተመረተው የት ነው? በየትኛው አገር ሕግ ነው የተጻፈው?

ተማሪዎችን የሚያደናግር ሌላም ነገር አለ። አንዳንድ እሽግ ላይ «ከግሉተን ነጻ» እና «ስንዴ» የሚሉት ቃላት አብረው ይገኛሉ። ውሸት አይደለም። ስታርቹ ከስንዴ ወጥቶ፣ ታጥቦ፣ ተለክቶ፣ ከ20 ሚሊግራም በታች ሆኗል ማለት ነው። የአሜሪካ ደንብም ስንዴው ለዚህ ደረጃ እንዲበቃ ተደርጎ መዘጋጀቱን እሽጉ እንዲገልጽ ያስገድዳል።

የሚያስፈሩ ስሞችና የሚዘነጋው ብቅል

ከእናትየው ታሪክ በተቃራኒ የቆመ ሌላ ታሪክ ልንገራችሁ። አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪያችን በዚሁ በሽታ ተይዛ ነበር። ስታርች የሚለው ቃል ስላስፈራት ቡላውንም፣ ድንቹንም፣ የበቆሎ ስታርች የገባበትን ሁሉ ትታ ቢሮዬ ስትመጣ እጅግ ከስታ ነበር። «ምን ትበያለሽ?» ብላት፣ «ሩዝና ጎመን» አለችኝ። እኔ አንዷን እናት ያለ በቂ ምክንያት አረጋግቼ ነበር፤ ይህችን ልጅ ደግሞ ያለ በቂ ምክንያት ያስፈራት ሌላ ሰው ነበር። የሁለታችንም ጥፋት አንድ ነው፤ ከየት እንደመጣ ሳንጠይቅ በስሙ ፈረድን።

ስለዚህ ስሞቹን እንለያቸው። «የተሻሻለ ስታርች» ማለት ቶሎ እንዳይቀጥን ወይም ሲቀዘቅዝ ውሃ እንዳይተፋ በሙቀት፣ በአሲድ ወይም በሌላ ኬሚካል ባሕርዩ የተለወጠ ስታርች ነው። ማሻሻሉ ግሉተን አይጨምርበትም፤ ያለበትንም ያስወግድለታል ማለት አይደለም። በ1400ዎቹ ውስጥ ያሉት የኢ ቁጥሮች የማሻሻያውን ዓይነት ይነግሩናል፤ የእህሉን ምንጭ ግን አይነግሩንም። ማልቶዴክስትሪንና ግሉኮስ ሲረፕ ደግሞ ስታርቹ በኤንዛይም ወይም በአሲድ ተቆራርጦና ተጣርቶ የሚገኙ ናቸው። ከስንዴ ቢመጡም የሚቀርባቸው ግሉተን እጅግ አነስተኛ በመሆኑ የአውሮፓ ኅብረት በአለርጂ ዝርዝር ከመጻፍ ነጻ አድርጓቸዋል። ቤኪንግ ፓውደር ውስጥም እርጥበት የሚመጥ ስታርች አለ፤ ብዙ ጊዜ የበቆሎ፣ አልፎ አልፎ የስንዴ።

ሰው ስታርችን ፈርቶ ብቅልን ሲዘነጋ ግን እጨነቃለሁ። ብቅል አብዛኛውን ጊዜ ከገብስ ይበቅላል፤ የገብስ ፕሮቲንም አብሮት አለ። ከበቆሎ የተሠራ የቁርስ ምግብ «የብቅል ጭማቂ» ለጣዕም ሲጨመርበት ለዚህ በሽተኛ የማይሆን ምግብ ይሆናል። የበቆሎ ሥዕል ያለበትን ካርቶን አይቶ የሚገዛ ሰው ይህን አይጠረጥርም።

ቡላ፣ ጤፍና ወፍጮው

አሁን ወደ ጓዳችን እንግባ። እኛ ስታርች ከፋብሪካ የተዋወቅን ሕዝብ አይደለንም። በጉራጌ፣ በሲዳማ፣ በሀዲያና በሌሎችም የእንሰት አገሮች እናቶች እንሰቱን ፍቀው፣ ሥሩን አድቅቀው፣ ጨምቀው፣ ጭማቂውን አስቀምጠው ያረጋሉ። ከታች የሚዘቅጠው ነጭ ነገር ቡላ ነው። ይህ የስታርች ማውጣት ጥበብ ነው፤ ማረጋት፣ ማጥለል፣ ማድረቅ፣ ሁሉም አለበት። ቡላ ከእንሰት ብቻ እስከሆነ ድረስ ግሉተን የለውም። ያቺ ተማሪ የፈራችው ስታርች ለወላድና ለተሰበረ ሰው ገንፎ ተሠርቶ የሚቀርበው ይኸው ምግብ ነበር።

ስለ ጤፍም የታወቀ ነገር አለ። በ2005 የሆላንድ ተመራማሪዎች ከሴሊያክ ሕሙማን የተወሰዱ የመከላከያ ሴሎችን ተጠቅመው የተለያዩ የጤፍ ዝርያዎችን ፈትሸው፣ ጤፍ በሽታውን የሚቀሰቅሱት የግሉተን ክፍሎች እንደሌሉት በታወቀ የሕክምና መጽሔት ላይ አስታውቀዋል። እኛም ይህን በኩራት እንናገራለን፤ ተገቢም ነው።

ነገር ግን እዚህም ሞለኪዩሉና እሽጉ ይለያያሉ። አብረን እናስላው። አንድ የስንዴ ፍሬ 40 ሚሊግራም ያህል ይመዝናል፤ ከዚያ አንድ አሥረኛው፣ ማለትም 4 ሚሊግራም ያህሉ፣ ግሉተን ነው። አምስት የስንዴ ፍሬ 20 ሚሊግራም ግሉተን ይሆናል። ስለዚህ በአንድ ኪሎ ጤፍ ውስጥ አምስት የስንዴ ፍሬ ብቻ ቢገኝ ከሚፈቀደው ልክ ጫፍ ላይ ደርሰናል፤ ስድስተኛው ያሳልፈዋል። አንድ ኪሎ ጤፍ በሚሊዮን የሚቆጠር ፍሬ አለው። ከሚሊዮኖች መካከል ስድስት። ጥሩ ወንፊት ስንዴውን ሊለየው ይችላል፤ የጤፍ ማነስ እዚህ ላይ ይጠቅመናል። የተፈጨውን ግን ወንፊት አይለየውም። ስንዴ በተፈጨበት ወፍጮ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም 3 ግራም ያህል፣ የስንዴ ዱቄት ቀርቶ ቢሆን 300 ሚሊግራም ግሉተን ነው። ቀጥሎ የሚፈጨው አሥር ኪሎ ጤፍ በኪሎ 30 ሚሊግራም ግሉተን ይዞ ይወጣል። ጤፉ ግሉተን የለውም፤ የጤፉ ዱቄት ግን አለው። እንጀራውም በቅይጥ እህል ከተጋገረ፣ ገብስ ወይም ስንዴ ከገባበት፣ ስሙ እንጀራ መሆኑ በሽተኛውን አያድነውም። ቡላውም በገበያ ከስንዴ ዱቄት ጋር ከተቀላቀለ እንዲሁ ነው።

ጤፍንም ቡላንም ለዓለም ገበያ «ከግሉተን ነጻ» ብለን ማቅረብ እንሻለን። ይህ ቃል ግን የእህሉ ምስጋና አይደለም፤ ስለ አንድ እሽግ የሚገባ ቃል ኪዳን ነው። ቃል ኪዳኑን የሚጠብቁት የተለየ አውድማ፣ የተለየ ጆንያ፣ የተለየ ወፍጮ እና ኤላይዛ በተባለው ዘዴ የሚለካ ላቦራቶሪ ናቸው። ውድ ተማሪዎች፣ ለመመረቂያ ጥናት ርእስ ለምትፈልጉ ሁሉ ይህ የተዘራ ግን ያልታጨደ ማሳ ነው።

ለእናትየው የነበረብኝ መልስ

ለማጠቃለል ያህል፣ ያቺ እናት ዛሬ እሽጋቸውን ይዘው ቢመጡ ምን እላቸዋለሁ? አስቀድሜ ልጁ በምርመራ የተረጋገጠ በሽታ እንዳለበት እጠይቃለሁ። ምርመራ ሳይደረግ ግሉተን ማቆም የደም ምርመራውንም የአንጀት ናሙናውንም ሊያሳስት ይችላልና፣ ይህን ለማንም ሰው እመክራለሁ። ቀጥሎ እንዲህ እላቸዋለሁ።

«እመቤቴ፣ ከበቆሎ፣ ከድንች፣ ከካሳቫ፣ ከሩዝ ወይም ከእንሰት የወጣ መሆኑ የተጻፈበት ስታርች በተፈጥሮው ግሉተን የለውም፤ ልጁን አይከልክሉት፤ ከስንዴ ጋር እንዳይነካካ ብቻ ይጠንቀቁ። ከስንዴ የወጣ ከሆነ ‹ከግሉተን ነጻ› የሚል ከሌለው አይግዙት። ካለው ደግሞ ቃሉን የሰጠው ማን እንደሆነና በየትኛው ሕግ እንደሆነ ይዩ። ‹ስታርች› ብቻ ብሎ ምንጩን ካልነገረዎት፣ ከየት አገር እንደመጣ አይተው፣ ካልተረጋገጠልዎ ይተዉት። በምትኩም የበቆሎ ስታርች፣ ወተትና ስኳር ገዝተው ኩስታርዱን እቤት ይሥሩለት። ጤፉንም ስንዴ በማይፈጭበት ወፍጮ ያስፈጩ።»

ይህን ለማለት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። የመጀመሪያው መልሴ አሥር ሰከንድ ነበር የፈጀው። እኛ መምህራን ሰው ወደ እኛ የሚመጣው እውቀታችንን አምኖ መሆኑን እናውቃለን፤ አምኖ የመጣን ሰው ከጥያቄው ያነሰ ጥያቄ መልሶ መሸኘት ደግሞ ቀላል ነው። ይህ ፋኩልቲ ሞለኪዩሉን አጥርቶ ያስተምራል። ከዚህ አዳራሽ የምትወጡ ተማሪዎች ግን እሽጉንም ማንበብ እንድትችሉ አደራ እላለሁ። በሌላኛው ወገን ጠረጴዛው ላይ እሽጉን አስቀምጣ የምትጠብቅ እናት ሁልጊዜ ትኖራለች።